በሰርግ ቤት የማይከፈተው አልበም

ጥቅምት ውስጥ ዳንግላ ሰርግ ተጠራሁ። የሙሽራውን ፈረስ ግላስ የሰፋሁት እኔ ነበርኩ። ግላስ ማለት በፈረሱ ጀርባ ላይ የሚዘረጋው የተጌጠ ጨርቅ ነው፤ በእኛ አገር ፈረስ ያለ ግላስ ለሰርግ አይወጣም። ስለዚህ እንደ ዘመድ ቆጥረው ከዳሱ መካከል አስቀመጡኝ።

ምሳ ተበልቶ ነበር። ሙዚቃ የሚከፍተው ሰውዬ ፍላሹን ሰካና ማይክራፎኑን አነሣ።

«አሁን ደግሞ የራሳችን ልጆች! አዲሱ አልበም! ከአንድ ጀምሮ!»

ዳሱ በእልልታ ቀለጠ። የባንዱን ልጆች የመጀመሪያ አልበም የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሙሽሮቹ ተነሡ፤ ሚዜዎቹ ክብ ሠሩ።

ከማጉያው ቃጭል ተሰማ። ሁለት ጊዜ አቃጨለና ዝም አለ። እንደገና ሁለት ጊዜ አቃጨለና ዝም አለ።

ሚዜዎቹ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆሙ። አጠገቤ የነበሩት አሮጊት የጠላ ብርጭቋቸውን መሬት አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

ሴቶቹን አየኋቸው። እጃቸው ከሐሳባቸው ቀድሞ ነጠላቸውን ያዘቀዝቅ ነበር። የሙሽራዋ እናት ሳትቀር ነጠላዋን ለለቅሶ እንደሚለበሰው አድርጋ ቆማለች፤ ምን እንዳደረገች የገባት አልመሰለኝም። ከዳሱ በር በኩል አንድ ሽማግሌ ጮኹ።

«አጥፋው! አንተ ሰውዬ፣ አጥፋው እንጂ!»

ሰውዬው ደንግጦ ሌላ ቁልፍ ነካ፤ ድምፁ ባሰ። የሴት ድምፅ በአገውኛ አንድ ስንኝ አለና ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሙሽራዋ ለቅሶ ብቻ ነበር።

የዘፈነችው ልጄ ናት። ያንን ዘፈን ከሁሉ አስቀድሚው ያልኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በአዊ ፈረስ በሰርግም በለቅሶም ይወጣል። ግላሱ ያው ነው፤ አንገቱ ላይ የሚታሰረው ቃጭልም ያው ነው። የሚለየው እርምጃው ነው። የሰርግ ፈረስ ይጋልባል፤ ቃጭሉ ሳያቋርጥ ይንጫጫል። የሟች ፈረስ ግን ኮርቻው ባዶ ሆኖ በእጅ ይመራል። ሰውም ፈረሱም ቀስ ይላሉ። ቃጭሉ ሁለት ጊዜ ብሎ ዝም ይላል። እዚህ ያደገ ጆሮ ይህን ከሩቅ ይለየዋል፤ ማን ሞተ ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም።

እኔ የምኖረው እንጅባራ ነው። ግላስ፣ የፈረስ መርገፍ፣ አንዳንዴም ለቤተ ክርስቲያን ጥላ እሰፋለሁ። አማርኛ ብቻ ከሚነገርበት ቤት ነው የወጣሁት። ባለቤቴ ከግምጃ ቤት በኩል የመጣ አገውኛ ተናጋሪ ነበር፤ ፈረሰኛ ነበር። ግላስ ሊያሰፋ መጥቶ ነው ያገኘኝ። ሦስት ጊዜ «አልተስተካከለም» ብሎ መለሰው። ግላሱ ልክ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንዲት ልጅ ሰጠን።

ልጄ ክራር ትመታለች። ክራሯን ከማጉያ ጋር አገናኝታ ትመታውና ቤቱ ይንቀጠቀጣል። ሦስት ጓደኞች አሏት። አንዱ ሊድ ጊታር ይጫወታል፤ ቀጭን ነው፣ ችኩል ነው። ሁለተኛው ቤዝ ይመታል፤ ጨርቅ የምገዛቸው የዳንግላው ሙስሊም ነጋዴ ልጅ ነው። ሦስተኛው የአዲስ ቅዳም ልጅ ነው፤ ድራም ይመታል፣ አይናገርም። የሚለማመዱት በእኔ መስፊያ ቤት ነበር፤ ሌላ ቦታ ጎረቤት ስለሚከሳቸው።

«እትዬ፣ የእርስዎ የስፌት መኪና ከእሱ ድራም ይሻላል» ይለኝ ነበር ቤዝ የሚመታው። «አይቸኩልም፣ አይዘገይም፣ ሻይ ይምጣ አይልም።»

የመጀመሪያው አልበማቸው የጭፈራ ነበር። የአገሩን ዘፈን ወስደው በጊታርና በድራም አጣደፉት። ሕዝቡ ወደደው። በእንጅባራ ባጃጅ ሁሉ እሱ ይከፈት ነበር። አንድ ቀን ወደ ዳንግላ በሚኒባስ ስሄድ ሾፌሩ ከመነሻ እስከ መድረሻ ልጄን እያስዘፈነ ነዳ። እናቷ ነኝ አላልኩትም። መስኮት መስኮት እያየሁ ሄድኩ።

የንስሐ አባቴ ሰሙ።

«ልጅሽ አገሩን አስጨፈረችው አሉ» አሉኝ።

«አዎ አባቴ።»

«አንቺስ ጨፈርሽ?»

«አልጨፈርኩም።»

«እግርሽስ?»

ወደ እግሬ አየሁ።

«እንግዲያው አርባ ስገጂ» አሉኝ። ሰገድኩ።

ባለቤቴ ያንን አልበም ሰምቶ ነው የሞተው። ከዳንግላው ሰርግ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ ክረምት ላይ ታመመ፤ ብዙ ሳይቆይ ዐረፈ። በሰው ሁሉ ፊት በሰላም ዐረፈ፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። ፈረሱን አወጡ። የለበሰውን ግላስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ለሰው ስሰፋ ኖሬ፣ የሠራሁትን ከኋላው እየተከተልኩ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ልጄ አጠገቤ ነበረች። አላለቀሰችም። ዓይኗ ከፈረሱ እግር አልተነሣም።

አርባው ካለፈ በኋላ ከመኪናዬ ፊት ለፊት ተቀመጠችና በጣቷ ጠረጴዛውን መታች። ሁለት፣ ዝም። ሁለት፣ ዝም።

«እማዬ፣ የዚያን ቀን እርምጃውን ያዝኩት» አለችኝ።

«ያዢው» አልኳት። ሌላ አላልኩም።

ሁለተኛው አልበም ከዚያ ነው የመጣው። ዐሥር ዘፈን አለው። ዘጠኙ ሌላ ሌላ ነው። አንዱ የአባቷ ነው። የአባቷን ፈረስ ቃጭል ራሱን አምጥተው ነው የቀዱት፤ ቤዝ የሚመታው ልጅ በእጁ ይዞ በክፍሉ ውስጥ እንደ ፈረስ እየተራመደ። ስንት ጊዜ ሳቁ፣ ስንት ጊዜ ደግሞ ተቆጡ! ወራት ሠሩበት። አንድ ነገር ወራት ከተሠራበት በሠሪው ጆሮ ሌላ ነገር ይሆናል። አራቱም የዚህ አገር ልጆች ናቸው፤ አራቱም ያ እርምጃ የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ግን በጆሯቸው ዘፈን ሆኖ ነበር። በእኔም ጆሮ እንደዚያው።

የዘፈኖቹን ተራ ሲያወጡ ተጣሉ። ጊታር የሚጫወተው ፈጣኑ ይቅደም አለ። ልጄ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ እማዬ?»

እኔ በቤታችን እንደምናደርገው ነው ያሰብኩት። ከማዕድ በፊት ሙታን ይታሰባሉ። ነፍስ ይማር ይባላል፤ ከዚያ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሳቃል።

«አባትሽን አስቀድሚ» አልኳት። «ከዚያ እንደ ልብሽ ጨፍሪ።»

በየሰርጉ ፍላሽ ሲሰካ ከአንደኛው እንደሚጀምር አላሰብኩም። ስህተቴ ይኼ ነው። ለቅሶን ከዳስ አስገባሁ። ልጄ ዳንግላ የሆነውን ስነግራት ክራሯን ከግድግዳው አውርዳ በነጠላ ጠቀለለችው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ እንጅባራ ገብቶ ነበር። አልበሙ የራሱ ስም ነበረው፤ በሳምንቱ «የለቅሶው» ተባለ። በዚያ ወቅት ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር በዩቲዩብ ከፍቶ እስኪ ልስማው የሚል ሰው አልነበረም። ሁሉም የሰማው ስለ ዘፈኑ እንጂ ዘፈኑን አልነበረም። ፍላሽ የሚሞሉት ሱቆች መሙላት ተዉ። ዘጠኙም ዘፈን አብሮ ተቀበረ።

አንድ የማውቀውን ባጃጅ ነጂ ጠየቅሁት።

«ለምን አትከፍተውም?»

«እትዬ፣ እሱን ከፍቼ ከተራ አልወጣም። ተሳፋሪ ይወርድብኛል» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ቤቴ ግን እሰማዋለሁ። ሚስቴ ከሌለች» አለ።

ገበያ ላይ ደግሞ አንዲት ጨርቅ ሻጭ ሰው ሲሰማ ጠራችኝ።

«አንቺ ሴትዮ! የሞተ ባልሽን ለሰርግ ላክሽው አሉ?»

«ሳይጠራ አይሄድም ነበር» አልኳት። «ጠርታችሁት ነው።»

ሳቁ። እሷም ሳቀች። ሰው ፊት መልስ መስጠት ይቀናኛል፤ ቤቴ ስገባ ግን የማየው ልጄን ነው። ምግብ ቀንሳ ነበር። ግላስ ስትሰፋ መርፌው እጇን ይወጋታል፤ አትጮኽም።

ኅዳር ሲያልቅ፣ የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ፣ አከፋፋዩ ከባሕር ዳር ደወለ። አልበሙን የሚያወጣላቸው እሱ ነው። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው መስፊያ ቤቴ ውስጥ አስቀመጡት፤ አራቱም ከበቡት። ሰውዬው አልተቆጣም፤ ተቆጥቶ ቢሆን ይሻል ነበር። አንደኛውን ዘፈን ከአልበሙ ውስጥ አውጡት አለ። በቦታው ለጥር ሰርግ የሚሆን ፈጣን ነገር ሥሩ። እንደ አዲስ አድርጌ አወጣዋለሁ፤ የተባለው ሁሉ ይረሳል። ካልሆነ ከእናንተ ጋር አልሠራም። አበቃ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሁሉም ወደ ልጄ አዩ።

«አንድ ዘፈን ነው» አለ ጊታር የሚጫወተው። «ዘጠኝ ይተርፈናል። ዘጠኙ ምን በደለ?»

«ቢያንስ መጨረሻ ላይ ይደረግ» አለ ቤዝ የሚመታው። «ሰርግ ላይ ዐሥረኛ ዘፈን የሚደርስ የለም። ሰው ሰክሯል።»

ድራም የሚመታው መሬት መሬት ሲያይ ቆየና «እኔ ከዐሥሩ በደንብ የመታሁት እሱን ነው» አለ። ያን ዓመት ከእሱ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነበር።

«አንቺ ተናገሪ እንጂ!» አላት ጊታር የሚጫወተው ልጄን።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ የደከመ ሰው ፊት ነበር።

«እማዬ፣ አውጪው ካልሽኝ አወጣዋለሁ። ይቆይ ካልሽ ይቆያል። እኔ ማሰብ አልቻልኩም።»

«እትዬ» አለ ጊታር የሚጫወተው፤ ለስለስ ብሎ፣ «እርስዎ ካሉ ትሰማለች። እባክዎ ይንገሯት።»

ልጄ የምላትን ታደርጋለች፤ ይህን አውቃለሁ። አውጪው ብላት ታወጣዋለች፤ አባቷን ሁለተኛ ጊዜ ትቀብራለች፤ አንድ ቀን እንኳ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ አትለኝም። ይቆይ ብላት ደግሞ ጓደኞቿም ሥራዋም ሊበተኑባት ይችላሉ። ያኔም አንቺ ነሽ አትለኝም። አንቺ ነሽ የማትል ልጅ ፍርድ ታከብዳለች።

አንድ ነገር ደግሞ አፈርኩበት። ያንን አልበም አንድም ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልሰማሁትም ነበር። ሲለማመዱ ቁርጥራጩን ሰምቻለሁ። ሲያልቅ ግን ዘፈን ነው ብዬ፣ እግሬንም ፈርቼ፣ አልከፈትኩትም። ከተማውን ሳትሰሙ ፈረዳችሁ ስል እኔም አንዷ ነበርኩ።

«ሳልሰማ አልፈርድም» አልኳቸው። «ጥቂት ቀን ስጡኝ።»

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠበቅኋቸው።

«አባቴ፣ ጾም ነው። ዐሥር ዘፈን ልሰማ ነው።»

«ደግሞ ምን ሆነሽ?»

«ልፈርድበት ነው።»

ነገርኳቸው። ባለቤቴን ያውቁት ነበር፤ ሲሞት ፍትሐት ያደረጉለትም እሳቸው ናቸው።

«ዳኛ ሳይሰማ አይፈርድም» አሉ። «ስሚ። ግን እግርሽን ጠብቂ።»

የዚያኑ ቀን መኪናዬን ዘጋሁና የልጄን ስልክ ይዤ ተቀመጥኩ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝና ወጣች። በደጅ ትመላለሳለች፤ ጥላዋ በበሩ ሥር ሲያልፍ አያለሁ።

ያልወደድኩትን ልናገር። ሦስተኛው ጩኸት ነው። ስድስተኛውና ሰባተኛው አንድ ዘፈን ናቸው፤ ልብስ ነው የቀየሩት። በአምስተኛው ላይ ጊታሩ፣ ተነሥቷል ሲባል መልሶ እንደሚቀመጥ እንግዳ ነው፤ አይሄድም። የመጀመሪያው አልበም ከዚህ ይሻላል የሚል ሰው ቢመጣ ብዙ አልከራከረውም። እናት ነኝ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም።

አንደኛውን ለመጨረሻ አቆይቼው ነበር።

ረጅም ነው። ከሚገባው በላይ ረጅም ነው። ቃጭሉ ብቻውን ይጀምራል። ክራሩ ይከተለዋል፤ በሩቅ፣ ሰው ፈረሱን እንደሚከተለው። ቤዙ ከመሬት በታች ያለ ይመስላል። ጊታሩም እዚያ ላይ ልክ ነው፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ አይቸኩልም። ልጄ በአባቷ ቋንቋ ትዘፍናለች። እኔ አገውኛ ግማሹን ነው የምሰማው። የፈረሱን ቀለም ትናገራለች። ማን ውኃ ያጠጣሃል ትለዋለች። ኮርቻው ለምን ቀለለህ ትለዋለች። አንድ ቦታ ላይ ድምፅዋ ይሰነጠቃል። ስቱዲዮ ውስጥ ናት፤ ደግማ ልትለው ትችል ነበር። አልደገመችውም።

እግሬ አልተነቃነቀም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ ሰው ሳይኖር ያለቀስኩት ያን ቀን ነው። ማዳመጫውን አውልቄ ተመስገን አልኩ፤ ለማልቀስም የሚያበቃ ነገር የሚሰጥ እሱ ነው።

በሩን ከፈትኩላት።

«ሦስተኛው ጩኸት ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። መልሱን ትጠብቃለች።

«መጀመሪያ ዳንግላ ደርሼ ልምጣ።»

አንድ ቅል ማር ይዤ የሙሽራዋ እናት ቤት ሄድኩ። ትበልጠኝ እንደሆነ በዓመት ነው። ከደጅ አላስቀረችኝም፤ ግን ማሩንም አልተቀበለችኝም። ወንበር አመለከተችኝና ቆማ አየችኝ።

«ምን ልትዪ ነው የመጣሽው?»

«ይቅርታ ልጠይቅ።»

«ስለ ዘፈኑ?»

«ስለ ዳሱ» አልኳት። «ስለ ዘፈኑ አልጠይቅም። ዘፈኑ አልበደለም። ዳስሽ ውስጥ መግባቱ ነው በደሉ፤ ያስገባሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ከፊት አድርጊው ያልኳት እኔ ነኝ።»

ተቀመጠች።

«ልጄ እስከ ዛሬ ክፉ ምልኪ ነው ትላለች። ዳሴ ላይ ሞት ተጠራ እያለች ታለቅሳለች።»

«አሁንስ እንዴት ናት?»

«ምግብ አልበላላት ብሏል። ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል።»

ተያየን።

«እንግዲያው ምልኪው የቱ ላይ ነው?» አልኳት።

ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፤ አልቻለችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ተቀየረባት። 

«ወንድሜ በክረምት ነው የሞተው» አለች። «ፈረሱን እንዲያ ነው የመሩት። በልጄ ሰርግ ቀን አላለቅስም ብዬ ምዬ ነበር። ጠዋት አላለቀስኩም፤ ሽማግሌዎቹ ሲባርኩ አላለቀስኩም። ያ ቃጭል መጣና መሐላዬን አስፈረሰኝ። የተናደድኩት ለዚህ ነው። ለልጄ ብቻ አይደለም።»

«ወንድምሽን ነፍስ ይማር።»

«የአንቺንም ሰው ነፍስ ይማር።» ማሩን ወደ ራሷ ሳበችው። «ብቻ ሰው ይወቀው። ለሰርግ እንዳልሆነ የሚነግረው ይኑር። እኔ ሳላውቅ ነው የመጣብኝ።»

መንገዱን ሁሉ ያንን እያሰብኩ ተመለስኩ። ልክ ናት። ለቅሶ ሲኖር ይጠራል፤ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ልቡን አዘጋጅቶ ይሄዳል። እኛ ሳንጠራው ነው ከመካከሉ የገባንበት። እሱን ማረም ይቻላል። ዘፈኑን ማውጣት ግን ማረም አይደለም፤ መካድ ነው።

አራቱን ሰበሰብኳቸው።

«ይቆያል» አልኩ። «ከፊትም ይቆያል። ሽፋኑ ላይ ደግሞ በትልቁ ጻፉበት፤ በሰርግ ቤት አይከፈት ብላችሁ።»

ጊታር የሚጫወተው ከወንበሩ ተነሣ።

«እትዬ! ሰው ሙዚቃ የሚሰማው ሰርግ ላይ ነው እኮ!»

«እንግዲያው ቤቱ ይስማ።»

«ቤቱ ለመስማት ማን ይገዛል?»

«አይግዛ።»

«መጨረሻ ላይ ብናደርገውስ?» አለ ቤዝ የሚመታው። «ስለ አላህ እትዬ፣ መጨረሻ ላይ። ሁሉም ሰው ይስማማል።»

ይህኛው ከበደኝ። ልጁ ደግ ነው፤ የሚለውም ሞኝነት አልነበረም። መጨረሻ ላይ ቢሆን ሁሉም በሰላም ያድራል። ግን መጨረሻ ላይ የምናደርገው ሰው እንዳይደርስበት ብለን ነው። ይህን እሱ ራሱ ተናግሯል።

«ደብቀን ከምናስቀምጠው ብናወጣው ይሻላል» አልኩት። «እኔ ደግሞ አይወጣም እላለሁ። ባሌ በሕይወቱ ከኋላ ጋልቦ አያውቅም።»

ልጄ ያን ጊዜ ሳቀች። ከጥቅምት ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። ክራሯን ከተጠቀለለበት ፈታችና ጅማቱን ማጥበቅ ጀመረች። ያ ብቻ ለእኔ በቂ ነበር። ሌላውን እግዚአብሔር ያውቃል አልኩ።

ሌላውም መጣ። አከፋፋዩ የሽፋኑን ጽሑፍ ሲሰማ፣ ዕቃውን አትክፈቱ ብሎ የሚሸጥ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም አለና ስልኩን ዘጋ። ሁለተኛ አልደወለም። ጊታር የሚጫወተው በጥር ወደ ሰርግ ባንድ ገባ። አልረገምኩትም፤ ሥራ ነው፤ ጥሩ ሰርግ ያደምቃል። ሱሪውን ሲያሳጥር አሁንም እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ሲመጣ ያንን ዘፈን በአፉ ያንጎራጉራል፤ ሳየው ያቆማል።

አልበሙ አልተሸጠም። ኔትወርክ ሲመለስ ዩቲዩብ ላይ ጫኑት፤ የመጀመሪያውን ያየው ሕዝብ ይህኛውን አላየውም። አንዳንዱ ከታች ይጽፋል፤ «የድሮዋን መልሱልን» ይላል። ልጄ ታነብልኛለች። ሲመቸኝ እሰማለሁ፤ ሳይመቸኝ አንቺው ለራስሽ አንብቢ እላታለሁ። ቀርቶባችኋል የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አዎ፣ ቀርቶብናል። ያልቀረብንን ግን አይጠይቁኝም።

ከፋሲካ በኋላ ዳንግላ ውስጥ አንድ አዳራሽ አገኙ። ሦስት ሆነው ሊጫወቱ፤ ያለ ጊታር። በበሩ ላይ ያንኑ የሽፋኑን ጽሑፍ ለጠፉት። ልጄ ነይ አላለችኝም፤ ዘፈን ያለበት እንደማልሄድ ታውቃለች። እኔ ግን ነጠላዬን ለብሼ በሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። ብዙ ወንበር ባዶ ነበር። ተማሪዎች ነበሩ፤ ጥቂት ሽማግሌዎች፤ ከኋላ ደግሞ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ የሚመስሉ ሴቶች ተበታትነው ተቀምጠዋል። ልጆቹ ለቅሶ እንዳለበት አስቀድመው ነግረው የጠሯቸው ሰዎች ናቸው፤ እያወቁ ነው የመጡት።

ቃጭሉን ቤዝ የሚመታው በእጁ ያዘው። ሁለት፣ ዝም። ከኋላዬ የነጠላ ድምፅ ሰማሁ። መዞር አላስፈለገኝም።

ልጄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈነችው። አሁንም ረጅም ነው። የተሰነጠቀው ቦታ ላይ ስትደርስ በዚህ ጊዜ አልተሰነጠቀም፤ አለፈችው።

ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። ድራም የሚመታው በትሩን እንደያዘ ቀረ። ልጄ ሕዝቡን አየች፤ ሕዝቡ እሷን አየ። ፊቷ ሲቀላ አየሁ። ልነሣ ነበር፤ ተነሥቼ ምን እንደምል ግን አላውቅም።

ከመካከል አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ነፍስ ይማር» አሉ።

«ነፍስ ይማር» አለ አዳራሹ።

ልጄ በማይክራፎኑ «አሜን» አለች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ቆየች፤ ቀና ስትል ድራም የሚመታውን በዓይኗ ጠራችውና ሁለተኛውን፣ ፈጣኑን ጀመሩ። ሰው ምን ያድርግ? እግሩን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። ጥቂቶቹ ወጡ። ተማሪዎቹ ተያዩና ትከሻቸውን ነቅነቅ ማድረግ ጀመሩ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ተመለከትኩ።

አዳራሹን የሰጣቸው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«እትዬ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት» አለኝ። «ብቻ ለሌላ ጊዜ ተራውን ቢቀይሩትስ? መጀመሪያ ቢያስጨፍሩን፣ እሱን ከዚያ በኋላ…»

«አይቀየርም» አልኩት።